ባለቤት የሌለው ጥፋት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመንዝም በግሼም በመርሐ ቤቴም፣ ቤት ተቃጥሎ ወይም ከብት ተሰርቆ አድራጊው ሲሰወር አገሬው ለአፈርሳታ ይጠራ ነበር። ሁሉም ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ይማማላል፤ ያየውን፣ የሰማውን ያወጣል፤ በዳዩ እስኪታወቅ ወደ ቤት መመለስ የለም። ጨርሶ ካልታወቀ አገሬው አዋጥቶ ተበዳዩን ይክሳል። ሥርዓቱ ንጹሑን ስለሚያስከፍል ጨካኝ ነበር። አንድ እውነት ግን ጨብጧል፦ የአጥፊው ስም ካልወጣ ዕዳው የሁሉም ይሆናል።

ይህ እውነት በትልልቅ ድርጅቶች ላይ ይበልጥ ይከብዳል። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ተቋቋመ። የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራ፣ የስኳር ፋብሪካዎች ግንባታና የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካ ተሰጡት። ለግድቡ መምህሩ ከደመወዙ አዋጥቷል፤ ገበሬው ቦንድ ገዝቷል። ኅዳር 3 ቀን 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ ኮርፖሬሽኑ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ገለጹ። የቀድሞው ዋና ዳይሬክተር ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው በዚያው ሰሞን ተያዙ፤ በኋላም ክስ ተመሠረተባቸው። እጃቸው በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ሲታዩ ብዙ ሰው ተጠያቂነት መጣ አለ።

ካቴና ግን የሚመጣው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱም የወንጀልንና የሹመትን ተጠያቂነት ለይቶ አስቀምጧል። አንቀጽ 20 ተከሳሽ በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ እንዲቆጠር ያዛል፤ አንቀጽ 12 ኃላፊነቱን ያጓደለን ሹም ተጠያቂ ያደርጋል። ፍርድ ቤት «ወንጀል ሠርቷል ወይ?» ብሎ ማስረጃ ይመዝናል፤ ማስረጃው ካልሞላ በነጻ ያሰናብታል፤ ይገባልም። ሹመት የሚያስጠይቀው ሌላ ነው፦ ይህን ውል ማን ፈረመ? ጨረታው ለምን ቀረ? ለዚህ ኃላፊው አንዲት ሳንቲም ባይነካም መልስ አለበት። «አላወቅሁም» ማለት ከእስር ያድነው ይሆናል፤ ከኃላፊነት አያድነውም። ሥልጣኑ የተሰጠው እንዲያውቅ ነውና።

«ኮሚቴው አጥንቷል፣ ግዢ ክፍሉ አቅርቧል፣ ቦርዱ አጽድቋል፤ ታዲያ አለቃው ብቻውን ለምን ይጠየቃል?» የሚል ክርክር ይነሳል። ብቻውን አይጠየቅ። የበታቹ ለሠራው፣ ቦርዱ ላጸደቀው ይጠየቅ። የአለቃው ድርሻ የሚከብደው ሁሉንም በአንድ ላይ ማየትና ማስቆም የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። የእጅ መብዛት ኃላፊነትን ያከፋፍላል እንጂ አያጠፋም።

እኛም ከነገሩ ውጭ አይደለንም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ልጆች አሳድገናል። ሹመትን እንደ ድርሻ የምናይ ከሆነ፣ ባለሥልጣን ሲበላ የምንቆጣው ድርሻችን ስለቀረብን ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቁጣ ሰው ይቀይራል፤ አሠራር አይቀይርም።

ስለዚህ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ድርጅት ሁሉ ትልልቅ ውሎቹን ክፍያ ከመጀመሩ በፊት ለሕዝብ ይፋ ያድርግ፦ ዋጋውን፣ ያጸደቀውንና የፈረመውን ሰው ስም፣ ጨረታ ከቀረም ምክንያቱን። ከፋዩ ሕዝብ ነውና ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የመጠየቅ መብት አለው። ይህን መብት እንጠቀምበት።