የጅማ በርጩማና የዝምታ ውሸት



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ በርጩማ ነው። «ሙስሊሙ ኅብረተሰብ ስንት አንገብጋቢ ጉዳይ እያለበት ስለ መቀመጫ ይወራል ወይ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከእንጨት ተነሥቶ ወደ አማና ይዘልቃልና እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

እንደሚታወቀው ጅማ ከቡናዋ ቀጥሎ ስሟ የሚነሳው በእንጨት ሥራዋ ነው። የጅማ በርጩማ የምንለው፣ መደገፊያ ኖረውም አልኖረው፣ ሦስት እግር ያለውና ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ መቀመጫ ነው። ምስማርም፣ ኮላም፣ መጋጠሚያም የለውም። እግሩ ሦስት መሆኑም በምክንያት ነው። ባለ አራት እግር ወንበር ወለሉ ወጣ ገባ ሲሆን ይንገዳገዳል፤ ባለ ሦስት እግሩ ግን በአፈር ወለል ላይ እንኳ ሦስቱም እግሮቹ መሬት ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች የሚታዩበትን የጅማ ሙዚየም የጎበኘ ሰው የአገሩን የእንጨት ጥበብ ደረጃ በዓይኑ አይቶ ይመሰክራል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው እንጨት ዋንዛ ነው። ዋንዛ ደግሞ ቡናችን የሚጠለልበት ዛፍ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከኮሶ፣ ከዝግባና ከሐበሻ ጥድ ጋር አድርጎ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር። አላህ በአማና የሰጠንን ደን መጠበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወፍራም ግንድ በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ የበርጩማን እግር ከሌላ እንጨት ለብቻው ሠርቶ በኮላ መለጠፍ ይቀላል፣ ይረክሳልም። እንዲህ ያለው በርጩማ መልኩ የጅማ ነው፤ አሠራሩ ግን ሌላ ነው።

እኔም ከእነዚህ አንዱን በሐሙስ ገበያ ገዛሁ። እግሩ የተለጠፈ መሆኑን አይቻለሁ፤ ሻጩም አላታለለኝም። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ወዳጄ ተቀምጦበት፣ በእጁ እየዳበሰ፣ «ማሻ አላህ! መቼም ይህ ከአያት የወረዳችሁ መሆን አለበት» አለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ ቡና እንዲደገም አዘዝኩ። አዎ አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም።

ወራት ሳይቆይ የበርጩማው አንድ እግር ተነቀለ። ይዤው በቾ ቦሬ ወደሚኖሩ አንድ አዛውንት ጠራቢ ሄድኩ። ገልበጥ አድርገው አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ የጅማ በርጩማ ይሰነጠቃል እንጂ እግሩ አይነቀልም» አሉኝ። ወዲያው ግን ሳቃቸው ጠፋና ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። በጭስ የታጠኑ፣ ቅቤና ጥላሸት የተቀቡ፣ ጠርዛቸው በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ የሟሸሹ በርጩማዎች ተደርድረዋል። ሁሉም ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ናቸው። ዕድሜያቸው ግን ከአንድ ወር አይበልጥም።

«አዲሱን ሳቀርብ ነጋዴው አሮጌ አምጣ ይለኛል። ይኸው አሮጌ አደረግኩለት። አዲስ መሆኑን ያውቃል፤ እኔ አልዋሸሁትም። እሱ አዲስ አበባ ወስዶ መቶ ዓመት የሞላው ነው ይላል። አንተ የተማርክ ነህ፤ ጋዜጣ ላይም ትጽፋለህ። ውሸቱ የማን ነው? የምበላው ሐላል ነው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

ፈትዋ መስጠት የዑለሞች ድርሻ ነውና «አባ፣ እርስዎ ሼኾችን ይጠይቁ» ብዬ ተለያየን። ጥያቄው ግን ከእኔ አልተለየም።

በመጀመሪያ ቅርጽ መቅዳት በራሱ ጥፋት ነው ወይ? በዓለም ላይ ይህ ክርክር አሮጌ ነው። ሚካኤል ቶኔት እ.ኤ.አ. በ1859 በእንፋሎት የታጠፈ እንጨት የሠራው ቁጥር 14 ወንበር የፓተንት ጊዜው በ1869 ሲያበቃ ሌሎች ፋብሪካዎችም ሠሩት። ቻርልስና ሬይ ኢምስ በ1956 ያወጡት የቆዳ ወንበርም ብዙ አምሳያ ተሠርቶለታል። እንግሊዝ በ2016 ሕጓን ለውጣ እንዲህ ላሉ ሥራዎች የሚሰጠው ጥበቃ ከሠሪው ሞት በኋላ 70 ዓመት እንዲዘልቅ አድርጋለች። በእኛም በኩል የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የደራሲና የፈልሳፊ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። ስለዚህ ባለቤቱ የታወቀን ሥራ ያለፈቃድ መውሰድ ቀላል ነገር አይደለም።

የጅማ በርጩማ ግን አንድ ባለቤት የለውም። የአገራችን አዋጅ ቁጥር 123/1987ም ቢሆን የሚጠብቀው አዲስ የኢንዱስትሪ ንድፍን ነው፤ ትውልድ የተቀባበለውን ቅርጽ አይደለም። ልጅ ከአባቱ፣ ደቀ መዝሙር ከጌታው እያየ፣ እየቀዳ ባይማር ኖሮ ጥበቡ ከእኛ ዘመን ባልደረሰ ነበር። እንግዲያው እግሩ የተለጠፈውም በርጩማ «የተለጠፈ ነው» ተብሎ እስከተሸጠ ድረስ ነውር የለበትም። ዋንዛ ለማይገዛ ድሃም መቀመጫ ይሆነዋል።

ነውሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን በሙስሊም ዘገባ እናውቃለን። ባለቤቱ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አስጠነቀቁ። አንባቢ ልብ ይበል! ሰውየው እህሉ ደረቅ ነው ብሎ አልጮኸም። ደረቁን ከላይ አድርጎ ዝም አለ እንጂ።

በዚህ ሚዛን ሲመዘን የአዛውንቱ ጭስና ጥላሸት ከደረቁ እህል በምን ይለያል? በእርግጥ ነጋዴውን አላታለሉም። ነገር ግን በማያዩት ገዢ ላይ የሚነገረውን ውሸት አለባበሱን የሰፉለት እርሳቸው ናቸው። በኃጢአትና ወሰን በማለፍ ላይ እንዳንተባበር ቁርኣን ከልክሎናል። እኔ እስከገባኝ ድረስ ውሸቱ የነጋዴው ብቻ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ብናቆም ፍርዳችን በደካማው ላይ ብቻ ይወድቃል። አዛውንቱን ወደዚህ የገፋቸው ማነው? እውነተኛው አዲስ በርጩማ ሲቀርብለት ፊቱን የሚያዞር፣ ያረጀ መስሎ ሲመጣለት ግን እጥፍ የሚከፍል ገዢ ነው። ይህ ሰው የሚገዛው ጥበቡን አይደለም፤ ለእንግዳ የሚያወራውን ታሪክ ነው። አንባብያን ሆይ፣ ያ ሰው እኔ ነኝ። የአያት ውርስ ያልሆነውን የአያት ውርስ ያስባልኩት በአንዲት ፈገግታ ነው። ነጋዴውስ ከዚህ የበለጠ ምን አደረገ? እርሱ ለገንዘብ፣ እኔ ለስም!

ስለዚህ ወደ በቾ ቦሬ ተመለስኩ። ያልታጠነ፣ ያልተቀባ፣ ከአንድ ግንድ የወጣ በርጩማ እንዲሠሩልኝ፣ ከሥሩም የተሠራበትን ዓመት እንዲቀርጹበት ለመንኳቸው፤ ለታጠነው የሚከፈለውንም ዋጋ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና፣ «በሁሉም ላይ ዓመቱን ብቀርጽበት ነጋዴው አይወስድም። አንተ አንድ ገዛህ፤ ቤቴ ግን ስምንት ነፍስ አለ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑን መናገር ለእኔ ለደመወዝተኛው ቀላል ነው፤ ለእርሳቸው ግን የዕለት እራት ጉዳይ ነው።

ለእርሳቸው ጥያቄ መልሱ ያለው በእኛ በገዢዎች እጅ ይመስለኛል። ሻጭና ገዢ እውነት ተነጋግረው ጉድለቱን ከገለጹ ሽያጫቸው በረካ እንደሚያገኝ፣ ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ በሐዲስ ተነግሮናል። ለአዲሱ ሥራ ተገቢውን ዋጋ የምንከፍል ሰዎች ብንበዛ በቾ ቦሬ ያለው ጓሮ ጭሱ ይጠፋ ነበር።

ለወዳጄም ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። ሳቀብኝ። ሳቁ ከዚያች ፈገግታ ይልቅ ቀለለኝ።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዓለይኩም።