አዋጅና እምነት

ከቡሬም ሆነ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ወደ ሰከላ የወጣ ሁሉ ግሽ ዓባይን ያውቃል። በ1618 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንሰጣለን) ስፔናዊው ኢየሱሳዊ አባ ፔድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር በዚያ ተገኝተው ምንጩን አይተው ጽፈዋል። በዚያ ዘመን ስፔንና ፖርቱጋል በአንድ ንጉሥ ሥር ነበሩ፤ ያው ዘውድ ሜክሲኮን፣ ፔሩንና ብራዚልን ይገዛ ነበር። ስለዚህ በእነዚያ አገሮች የተነሣው ጥያቄ ከጎጃም የራቀ አይደለም። እውነት ነው ብለን የምናምነውን በኃይል ማስቀበል ይገባልን?

በ1513 የስፔን መንግሥት አንድ ጽሑፍ አስዘጋጀ። ወታደሮቹ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዘንድ ሲደርሱ ይነበብ ነበር። ለቤተ ክርስቲያንና ለንጉሡ ተገዙ፤ እምቢ ብትሉ ጦር ይመጣባችኋል፣ ባሪያ ትሆናላችሁ፣ ለሚደርሰውም ሞት ጥፋቱ የራሳችሁ ነው ይላል። የሚነበበው በስፔንኛ ነው፤ ሰሚው አንዲት ቃል አያውቅም። ሥርዓቱ ግን ተፈጸመ ተባለ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለአንድ ስፔናዊ ይሰጣል፤ እርሱም የእኛን ባለ ጉልት በሚያስታውስ ሁኔታ ግብርና ጉልበት ይወስዳል፣ በምላሹም ሃይማኖት ያስተምራል። የሥርዓቱ ስም በቋንቋቸው «አደራ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። አደራ በላ ይሏል ይህ ነው!

የተቃወሙም አልጠፉም። በ1511 ዶሚኒካዊው አባ አንቶኒዮ ደ ሞንቴሲኖስ በሳንቶ ዶሚንጎ በስብከታቸው ገዢዎቹን ገሠጹ። ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስም በ1514 የተሰጣቸውን ሕዝብ ለቀቁ፤ ሃይማኖት በማስረዳትና በየዋህነት ብቻ ሊሰበክ እንደሚገባው ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟገቱ። እኒሁ ሰው ቀደም ሲል በነባሮቹ ፈንታ አፍሪካውያን ባሮች ይምጡ ብለው ነበር፤ በኋላ ተጸጽተውበታል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛም በ1537 ነባሮቹ ነጻነታቸውን ሊነጠቁ እንደማይገባ አስታወቁ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ፓኤዝ በ1603 ገብተው ግዕዝና አማርኛ ተማሩ፤ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከሩ። ሰሚው ገብቶት እምቢ ማለት ይችል ነበር። ሆኖም የቅዳሜ ሰንበት በአዋጅ ሲከለከል የዳሞት ሕዝብና መነኮሳት ተነሡ፤ የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስም በጦር ደመሰሷቸው። ይህ የሆነው ፓኤዝ በሕይወት ሳሉ መሆኑን መሸሸግ አይገባንም። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ካህናት እንደ አዲስ ይካኑ፣ ምእመናን እንደ አዲስ ይጠመቁ፣ ግዝረት ይቅር አሉ።

በጎጃም የባዕድ ጦር አልዘመተም፣ አዋጁ የገዛ ንጉሣችን ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ወታደር እንዲላክ በደብዳቤ ተጠይቆ ነበር እንጂ አልመጣም። ነገር ግን ጉዳዩን ከገበሬው በኩል እንየው። የአሜሪካው ሰው ያልሰማውን ሊመልስ አይችልም ነበር። የዳሞቱ ገበሬ አዋጁን በአገሩ ቋንቋ ሰማ፣ አሰበ፣ መለሰ፤ መልሱም ወንጀል ሆኖ ተቈጠረበት። ያልተረዳውን ሰው ማስገደድ ግፍ ነው፤ ተረድቶ እምቢ ያለውን ማስገደድ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ከዚያ የሚከፋ ነው፤ እግዚአብሔር ከሰው የሚጠብቀውን ያንኑ ነጻ መልስ ይቀማልና።

በ1632 በአንድ ቀን ጦርነት ብዙ ሺህ ወገን ከሞተ በኋላ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው ዘውዱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ እንዳይገደድ የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ መግለጫ የወጣው ከዚያ 333 ዓመት ቈይቶ፣ በ1965 ነው።