በሁለት ልኬቶች መካከል

ሳያዩ መሥራት በምን መብት ይቻላል የሚለው የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ፣ ግብዓቱን በአንድ ፍጥነት እየለካ ትእዛዙን በሌላ ፍጥነት በሚያወጣ ዲጂታል መቆጣጠሪያ ውስጥ የቁጥር መልክ ይዞ ይገኛል። የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አንባቢ ራስ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው በዲስኩ ገጽ ላይ አስቀድመው የተጻፉ የቦታ ምልክቶች በሥሩ ሲያልፉ ብቻ ነው፤ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ዲስክ በአንድ ዙር 200 ምልክቶች ቢኖሩት፣ መቆጣጠሪያው በሰከንድ 24000 ናሙና፣ ማለትም በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚወሰድ ልኬት፣ ያገኛል፤ ምልክቶቹን ማብዛት ደግሞ የመረጃውን ቦታ ይሻማል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ለሞተሩ የሚሄደው ትእዛዝ በሁለት ልኬቶች መካከል ሁለት ወይም አራት ጊዜ እንዲታደስ ያደርጋል፤ ለዚህም ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 እንዳቀረበው ዓይነት፣ የቀድሞ ልኬቶችንና የእንቅስቃሴን ሕግ አጣምሮ ያልታየውን ሁኔታ የሚገምት ስሌት ያስፈልገዋል።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በ«ኑዛዜ» 11ኛ መጽሐፍ ያለፈው በትውስታ፣ ያለው በማስተዋል፣ የሚመጣው በመጠበቅ በነፍስ ውስጥ እንደሚኖሩ አስተምሯል፤ ስሌቱ ነፍስ የለውም፣ ትውስታና መጠበቅን የሚመስል ነገር ግን በእርግጥ አለው። ሆኖም ትእዛዝን ማፍጠን እውቀትን አይጨምርም፤ ከናሙናው ድግግሞሽ እኩሌታ፣ እዚህ ላይ ከ12000 ኸርዝ፣ የሚበልጥ ንዝረት በልኬቱ ውስጥ ዝግተኛ ንዝረት መስሎ ስለሚታይ፣ መቆጣጠሪያው ያልነበረውን ስሕተት ሊያርም ይነሣል። ግምት ተገቢ የሚሆነው በሚቀጥለው ልኬት ለመታረም ክፍት ሆኖ ሲቆይ ብቻ ነው፤ በዚህ ምሳሌ ያ ልኬት የሚደርሰው ከ42 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው።