ስለማይጮኸው ሕመምና ስለ ካህን ዝምታ

የሥጋ ሁሉ ሕይወት በደሙ እንደ ሆነ ሊቀ ነቢያት ሙሴ በኦሪት ዘሌዋውያን በ17ኛው ምዕራፍ አስተምሮናል። አባቶቻችን ይህን ቃል ስለ መሥዋዕት ምሥጢር ተርጕመውታል፤ እኛም ትርጓሜውን እንደ ያዝን፣ ከዚሁ ቃል ተነሥተን አንድ ጥያቄ ለመመርመር እንወዳለን። ይኸውም፦ ሕመም ያልተሰማው ሰው ስለ ሥጋው ጤና የሚጠየቅበት ዕዳ አለበትን? ካህኑስ በዚህ ነገር ዝም ቢል በደለኛ ይሆናልን? የሚል ነው።

በአርሲ፣ በመርቲ ወረዳ በምትገኘው በአቦምሳ ከተማ አንድ አረጋዊ የንስሓ ልጅ አሉን። ሐኪም የደም ግፊታቸውን ለክቶ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘላቸው። ጥቂት ወራት ከዋጡ በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ «አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ አሁን የሚያመኝ የለም፤ ክኒኑንም ትቼዋለሁ» ብለው ነገሩን። እኛም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መስቀል አሳልመን ሰደድናቸው። በዓመቱ ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ዛለ፤ አንደበታቸውም ታሰረ። ልንጠይቃቸው ሄደን ከአልጋቸው አጠገብ በተቀመጥን ጊዜ፣ ሊናዘዙ እየወደዱ መናገር አልቻሉም። ምስጋናው ቅዱስ ነው፤ ነገር ግን ልንጠይቅ በሚገባን ሰዓት ከመጠየቅ የምንሸሽበት መጠለያ አድርገነው ነበርና ያን ቀን ከበደን።

ነገሩ እንዲገለጥ ሊቃውንተ ሕክምና የደረሱበትን በአጭሩ እንናገር። በጥንት ዘመን የነበረው ሐኪም ጋሌን ደም በጉበት እየተሠራ በአካላት ውስጥ ያልቃል ብሎ ያስተምር ነበር። በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አን-ናፊስ ደም ከልብ ቀኝ ወደ ልብ ግራ በሳንባ በኩል እንደሚያልፍ ጻፈ። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1628 እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ፣ ልብ በግማሽ ሰዓት የምትገፋው ደም በሰውነት ካለው ሁሉ እንደሚበልጥ አስልቶ፣ ደም አያልቅም፣ ይዞራል እንጂ አለ። በ1661 ደግሞ ማልፒጊ በአጕሊ መነጽር የእንቍራሪትን ሳንባ ሲመረምር፣ ደም የሚወስዱትንና የሚመልሱትን ሥሮች የሚያገናኙትን እጅግ ቀጫጭን ሥሮች አየ። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች፤ እኛ ተኝተን እርስዋ አትተኛም።

ሕዝባችን ይህን ሕመም «ደም ብዛት» ይለዋል፤ ስለዚህም አንዳንዱ ደም የበዛበት መስሎት በዋግምት ሊያስቀንሰው ይሞክራል። ነገር ግን ስሙ እንጂ ሕመሙ የደም መብዛት አይደለም፤ ደም በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ኀይል መበርታቱ ነው። በአዋሽ ሸለቆ ውኃ በቦይ ተስቦ እርሻ ሲጠጣ ያየ ሰው ይህን ያስተውላል። ከልክ በላይ የሚገፋ ውኃ የቦዩን ዳር በዝምታ ይበላዋል፤ ገበሬው የሚሰማው ግን ቦዩ የፈረሰ ዕለት ነው። እንዲሁም የሰው የደም ሥር በአንጎል ውስጥ ሲፈነዳ ወይም ሲደፈን፣ አካል በድንገት ይዝላል። ሐኪሞች 120 በ80 የሆነውን መልካም ይሉታል፤ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ሕመም ይሉታል። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉት ሰዎች ላይ በተደረገው ጥናት፣ ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከተጠየቁትም አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ተለክተው የማያውቁ ነበሩ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሥቃይ እንደ ደወል ነው፤ ደወሉ በማይደወልበት ስፍራ ግን ዕውቀት ደወል ይሆናል። ያላወቀ ሰው አይነቀፍም፤ ተነግሮት የተወ ግን ሥጋው የተሰጠችው በአደራ መሆኑን ዘንግቷል። ኅሊናው የማይወቅሰውን ኃጥእ «እስኪያምህ ድረስ ንስሓን አቈየው» አንለውም፤ ስለ ሥጋም ነገሩ እንዲሁ ነው። ይህን ስንል በታመመው ላይ ፍርድ አንጨምርም፤ ሕመም ሁሉ የኃጢአት ቅጣት አይደለምና። ክኒን የሚገዛበት ያጣውም ሰው በደለኛ አይደለም፤ እርሱን ያላሰበ ጎረቤትና ማኅበር ይጠየቃል እንጂ።

«ጠበል የጠጣ መድኃኒት ቢውጥ እምነቱን አጎደለ» የሚል ቢኖር፣ መጽሐፈ ሲራክን በ38ኛው ምዕራፍ ይመልከት፤ ሐኪሙንም መድኃኒቱንም የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይማራልና። ቅዱስ ጳውሎስም ደቀ መዝሙሩን ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ሲመክረው ጸልይ ብቻ አላለውም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረዋል።

የሚቈርቡና የሚጾሙ ምእመናን ግን ስለ ክኒኑ ሰዓት ይጨነቃሉ፤ ጭንቀታቸውም የሚናቅ አይደለም። በብሪታንያ ከ21 ሺህ በሚበልጡ የግፊት ሕሙማን ላይ የተደረገውና በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2022 የታተመው ጥናት፣ ክኒኑን ጠዋት በሚውጡና ማታ በሚውጡ መካከል ልብንና አንጎልን በመጠበቅ ረገድ ልዩነት አላገኘም። እንግዲህ ሰዓቱን ማዛወር ለብዙዎች የሚቻል ስለ ሆነ፣ ምእመኑ ሐኪሙንና የነፍስ አባቱን አማክሮ ሰዓቱን ያስወስን፤ በራሱ ፈቃድ ግን አይተወው። የጾም ወጥም ቅባት የለውም ተብሎ ጨው አይብዛበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላልና፤ ይኸውም አንዲት የሻይ ማንኪያ የማትሞላ ናት።

ካህናት ወንድሞቻችን ሆይ፣ የንስሓ ልጃችሁ «ድኛለሁ» ባለ ጊዜ፣ አመስግኑ፤ ደግሞም «ተለክተሃልን? ሐኪሙስ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ቃል ናት፤ እኛ ግን ሳንናገራት ቀርተናል። እኒያ አረጋዊ ዛሬ በልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመጣሉ፤ መስቀሉን ስናቀርብላቸው ቃል ሳይወጣቸው ይሳለማሉ። እኛም በየጊዜው ይቅርታቸውን እንለምናለን።

አምላከ ምሕረት እግዚአብሔር ለታመሙት ፈውስን፣ ለሐኪሞች ጥበብን፣ ለእኛም የሚጠይቅ አንደበትን ይስጠን። አሜን።