ስለ ሥጋ ትዕግሥት

ጌታ በወንጌል ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ በተናገረው ምሳሌ ውስጥ፣ አገልጋዮቹ እንክርዳዱን እንንቀል ብለው ባመለከቱ ጊዜ፣ ባለ እርሻው ስንዴው አብሮ እንዳይነቀል ሠግቶ እስከ መከር ይታገሡ ዘንድ ማዘዙን የማያስታውስ አንባቢ ጥቂት ነው። መተርጉማን በዚህ ቃል የእግዚአብሔርን ትዕግሥት ሲያስተምሩበት ኖረዋል፤ ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም ዛሬ እንክርዳድ የሆነው ነገ ስንዴ ሊሆን ይችላልና ጊዜ ይሰጠው በሚል መንፈስ ተርጉሞታል። እኔ ምሳሌውን ዛሬ የማነሣው፣ ጀምስ አሊሰን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ለሜላኖማ ሕክምና መንገድ የከፈተበትን ሥራ ስመለከት፣ ትዕግሥት የነፍስ ምግባር ከመሆኑ አስቀድሞ በሥጋ ባሕርይ ውስጥ ተተክሎ ስላገኘሁት ነው።

ሜላኖማ ለቆዳ መልኩን ከሚሰጡት ሕዋሳት የሚነሣ ካንሰር ነው። በነጮች ዘንድ የሚበዛ ሲሆን፣ በጥቁሮች ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ በውስጥ እግር በኩል ነው፤ (በውስጥ እግሩ የማይሽር ጥቁር ቁስል ያየ ሰው፣ እሾህ ወግቶኝ ይሆናል ብሎ ባይዘናጋ መልካም ነው።) የደዌው ክፋት ግን ባዕድ አለመሆኑ ነው። በምሳሌው ሰዎች ተኝተው ሳሉ እንክርዳዱን ጠላት ዘራው፤ በሥጋ ውስጥ ግን እንክርዳድ የሚሆነው ስንዴው ራሱ ነው፤ አፈወርቅ ተስፋ ያደረገው መለወጥ በዚህ በተገላቢጦሹ ይፈጸማል። ባዕዱን ከወገን እየለዩ ሥጋን የሚጠብቁት ቲ-ሴል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳትም፣ ወገን በሚመስለው ጠላት ፊት እጃቸውን ይሰበስባሉ።

በ19ኛው ምዕት ዓመት ማለቂያ በኒው ዮርክ ለሕመምተኞች ባክቴሪያ ይወጋ ከነበረው ከዊልያም ኮሊ ጀምሮ፣ ቲ-ሴልን የሚያነሣሣው ኢንተርሉኪን-2 የተባለው ፕሮቲን የአንዳንድ ሕመምተኞችን ዕጢ እንደሚያሳንስ በ1985 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) እስካሳተመው እስከ ስቲቨን ሮዘንበርግ ድረስ፣ ብዙ ሊቃውንት ነገሩ የኃይል ማነስ ነው ብለው ኃይል የሚጨምር መድኃኒት ሲሹ ኖሩ። አሊሰን ግን በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ሳለ፣ በቲ-ሴል ላይ ያለው ሲቲኤልኤ-4 የተባለው ፕሮቲን የሚገታ እንጂ የሚያነሣሣ አለመሆኑን ተረድቶ፣ ይህን ገቺ የሚያስር አንቲቦዲ ዕጢ ላለባቸው አይጦች ቢሰጥ ዕጢው ጠፋ፤ ይህንንም በ1996 ዓ.ም. አሳተመ። ኃይል አልጨመረም፤ የነበረውን ኃይል ከያዘው አስለቀቀው እንጂ።

ታዲያ ፈጣሪ ይህን ገቺ ስለ ምን አኖረው? መልሱ አንድ ዓመት ቀድመው በታተሙ ጥናቶች ይገኛል። ሲቲኤልኤ-4 ሳይኖራቸው እንዲወለዱ የተደረጉ አይጦች፣ የገዛ ቲ-ሴሎቻቸው ያለ ልክ በዝተው ልባቸውንና ቆሽታቸውን ስለ ወረሩባቸው፣ በ3 ወይም በ4 ሳምንት ሞቱ። ትዕግሥትን የፍትሕ መዘግየት አድርገው የሚያስተምሩ ሰዎች ይህን ቢያጤኑት እወዳለሁ፤ ያለ ትዕግሥት የሚፈርድ ፍትሕ፣ የሚፈረድለትን እንኳ አያስቀርምና።

ስለዚህ ፈውሱ ዋጋ አለው። በ2010 ዓ.ም. በታተመው የ676 ሕመምተኞች ጥናት፣ ገቺውን የሚያስረው ኢፒሊሙማብ የተሰጣቸው ሰዎች በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ ከ6.4 ወር ወደ 10 ወር ገደማ ከፍ አለ፤ በጥናቱ መድኃኒቶች ምክንያት ግን 14 ሰዎች ሞቱ። ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በ1992 ዓ.ም. ያሳወቀውን ሌላውን ገቺ፣ ፒዲ-1ን፣ የሚያስር መድኃኒት ሲጨመርበት፣ ቀድሞ አብዛኞቹን በዓመት ውስጥ ይገድል የነበረው የተሠራጨ ሜላኖማ ከያዛቸው መካከል ከ10 ዓመት በኋላ 43 በመቶው በሕይወት ተገኙ፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ በአንጀት፣ በጉበት ወይም በሌላው አካል ብርቱ ጉዳት ደረሰባቸው። የአንዳንዶቹም ቆዳ እንደ ለምጽ ይነጣል፤ ቲ-ሴሎቹ ጤነኛውን የመልክ ሕዋስ ከታመመው ጋር ነቅለውታልና፣ ሐኪሞች ይህን መንጣት መድኃኒቱ ለመሥራቱ በጎ ምልክት አድርገው ይመለከቱታል። አሊሰንና ሆንጆ በ2018 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል።

እንግዲህ ባለ እርሻው ተሳስቷል እንበልን? እኔ አልልም። እርሱ ለመከሩ ቀን የቀጠረ፣ እርሻውም እስከዚያ እንደማይጠፋበት የሚያውቅ ጌታ ነው፤ ሐኪሙ ግን ቢታገሥ የሚሞተው እርሻው ራሱ ነው። በምሳሌው እርሻውን ማንም አልጠየቀውም፤ በሆስፒታል ግን እርሻው ነባቢት ነፍስ ያለችው ሰው ነው፤ የቱ ስንዴ ሊነቀልበት እንደሚችል ተነግሮት፣ እሺ ወይም እንቢ ለማለት ይችላል። ሐኪሙ በፍጥነት የሚያስፈርመው ወረቀት ክብደት እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውን ሰምቶ፣ መዝኖ፣ መከሩን ልጠብቅ ያለውን ሕመምተኛም፣ በሕይወቱ ላይ በደለ ብዬ ለመፍረድ ድፍረቱ የለኝም።