የጉልበት ባለቤት ማን ነው?

ናይም ሱሌይማኖግሉን ቡልጋሪያ በክብደት ማንሳት አሠልጥና ለዓለም ክብረ ወሰን አበቃችው፤ ኋላ ግን እንደ ሌሎቹ የአገሪቱ ቱርኮች ስሙን በግድ ለወጠችበት። እ.ኤ.አ. በ1986 ሜልቦርን ላይ ከቡድኑ ጠፍቶ ቱርክ ገባ። በ1988ቱ የሴኡል ኦሊምፒክ ለመወዳደር የቡልጋሪያ ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና ቱርክ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈለች። በ60 ኪሎ ምድብ 190 ኪሎ፣ የሰውነቱን ከሦስት እጥፍ በላይ፣ አንሥቶ ወርቁን ወሰደ።

ያሠለጠነችው አገር ውለታ የላትም ወይ የሚል ይኖራል። አላት፤ ምግቡም አሠልጣኙም ከሕዝብ ገንዘብ የወጡ ናቸው። ነገር ግን ውለታ የሚጠየቀው ሰው ነው፤ ስሙን የነጠቁት ግን እንደ ንብረት ተቆጥሯል፤ ንብረት ደግሞ ባለዕዳ አይሆንም። ይበልጥ የሚከብደኝ የክፍያው ነገር ነው፦ ቱርክስ ብትሆን ዋጋ ተምና ገዛችው አያሰኝም? አያሰኝም እላለሁ። የመጣው በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ገንዘቡ የገዛው የቡልጋሪያን እሺታ እንጂ እርሱን አይደለም።