ስለ ልማድ፤ የባሕር ቀንድ አውጣና የድጓ ተማሪ

ሰው የሚለምደውን ነገር ሁሉ የሚለምደው በፈቃዱ ነውን? ወይስ ሥጋው ሳያማክረው ይለምድለታል? ይህ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ነው። በመልካም ልማዱ የሚመሰገን፥ በክፉ ልማዱም የሚወቀስ ሰው በየአገሩ ይገኛል። ነገር ግን ልማድ የሥጋ ሥራ ብቻ ከሆነ ምስጋናውም ወቀሳውም ከንቱ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ልማድ በአካል ውስጥ እንዴት እንደሚተከል የመረመሩትን ሰዎች ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ከነዚህ መርማሪዎች አንዱ ዶክተር ኤሪክ ካንደል ናቸው። በ1922 ዓ.ም. በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለዱ። ናዚዎች አገሩን ይዘው አይሁድን ባሳደዱ ጊዜ፥ በ1931 ዓ.ም. ገና የ9 ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። የዚያ ዘመን ትዝታ ከልባቸው አልጠፋም፤ ትዝታ በሰው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር እንዲመረምሩም ያነሣሣቸው ይኸው መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል። የሰው አንጎል ግን ወደ 86 ሺህ ሚሊዮን የሚጠጋ የነርቭ ሕዋስ ያለበት ስለ ሆነ ምርመራውን ከእርሱ መጀመር አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ አፕሊዢያ የተባለችውን፥ ቅርፊቷ በውጭ የማይታይ የባሕር ቀንድ አውጣ መረጡ። የዚህች ፍጥረት የነርቭ ሕዋሳት 20 ሺህ ያህል ብቻ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ያለ መሣሪያ በዓይን ለመታየት እስኪችሉ ድረስ ትልልቆች ናቸው።

ይህች ቀንድ አውጣ ውኃ የምታስወጣበት ቧንቧ መሰል አካሏ በተነካ ጊዜ፥ የምትተነፍስበትን ስንጥብ ፈጥና ትሰበስባለች። ንክኪው ጉዳት የሌለው ሆኖ ቢደጋገምባት ግን ቀስ በቀስ ትለምደውና መሰብሰቧን ትቀንሳለች። በአንጻሩ ጅራቷ በኤሌክትሪክ ቢመታ፥ ከዚያ በኋላ ቀላሉን ንክኪ እንኳ እንደ ጠላት ትፈራዋለች። ንክኪው 40 ጊዜ በተከታታይ ቢሰጣት ልማዱ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ይጠፋል፤ በየቀኑ 10 ጊዜ እየተነካች 4 ቀን ብትቆይ ግን ልማዱ ለሳምንታት ይጸናባታል። ቍጥሩ አንድ ሲሆን ፍሬውን የለየው በመካከሉ የተሰጠው ዕረፍት ነው።

በኋላም ክሬግ ቤይሊና ሜሪ ቼን የተባሉ ባልደረቦቻቸው በረቂቅ ማጉያ መሣሪያ ነርቮቹን መረመሩ። ንክኪን ከሚቀበሉት ነርቮች አንዱ ከሌሎች ጋር የሚነጋገርባቸው ጫፎች አስቀድሞ 1,300 ያህል ነበሩ። ለረጅም ጊዜ እንድትፈራ በተማረችው ቀንድ አውጣ 2,700 ያህል ሆነው ተገኙ፤ ንክኪውን ለምዳ በተወችው ግን ወደ 850 ወርደው ታዩ። ለአጭር ጊዜ የሚቆየው ትምህርት በነባሩ መገናኛ ላይ የቅመም ለውጥ ብቻ ያደርጋል፤ ለረጅም ጊዜ የሚጸናው ግን ነርቩ አዲስ ፕሮቲን ሠርቶ ቅርጹን እንዲለውጥ ያደርገዋል። ዶክተር ካንደል በዚህ ሥራቸው በ1993 ዓ.ም. ከአርቪድ ካርልሰንና ከፖል ግሪንጋርድ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፍለዋል።

ይህ ነገር ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ በዚያ ደጋና ቈላ ባሕርም የባሕር ቀንድ አውጣም የለም። ነገር ግን በጋይንት የድጓ ምስክር ቤት የሆነችው ቤተ ልሔም፥ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት የሆነችው ዙር አባም አሉ። በዚያ የሚቀመጥ ተማሪ ዜማውን የሚያጸናው በአንድ ሌሊት ትጋት አይደለም፤ ዛሬ የተቀበለውን ነገ እየቀጸለ፥ ያለፈውንም እየከለሰ ብዙ ዓመት ይኖራል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ምልክት እንደ ሠሩለት ይተረካል። ምልክቱ በብራና ላይ ተጽፎ ሳለ መምህራን ተማሪው በቃሉ እንዲይዘው ማስገደዳቸው፥ እውቀት በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን በሰውየው ውስጥ መጻፍ እንዳለበት ስላመኑ ነው። የዛሬው ምርመራም ትምህርት በአካል ውስጥ በእርግጥ እንደሚጻፍ ያሳያል።

ይሁን እንጂ የነገሩ ክብደት በሌላ ወገን ነው። ያው ተማሪ በማለዳ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻውን በበትሩ እየተከላከለ፥ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱ ድምፁን በመጀመሪያው ቀን ስትሰማ ሆዷ ይባባል፤ እንጀራም ይዛ ትወጣለች። በመቶኛው ቀን ግን ድምፁ እንደ ነፋስ ድምፅ ሆኖባት ሥራዋን ሳታቋርጥ ታሳልፈዋለች። ልቧ ከፍቶ አይደለም፤ ጆሮዋ ለምዶ ነው። ይልቁንም ዝናብ አጥሮ እህል በሚጎድልበት ዓመት፥ የሚለምነው ሲበዛ የሚሰማው ያንሳል። እንግዲህ ይህች ሴት ትወቀሳለችን?

አንዳንዱ የተማረ ሰው «ነርቭ ስለ ደከመ ማን ይወቀሳል? ሰውም ትልቅ ቀንድ አውጣ ነው» ሊል ይችላል። ሌላው ደግሞ «ሰው ነፍስ ያለው ስለ ሆነ የቀንድ አውጣ ነገር አይመለከተውም» ይል ይሆናል። ሁለቱም አንድ ነገር ይዘነጋሉ። የፊተኛው፥ ቀንድ አውጣዋ የሚነካትን ነገር እንደማትመርጥ፥ ሰው ግን የሚደጋግመውን ሊመርጥ እንደሚችል ይረሳል። የኋለኛው፥ ነፍስ ያለው ሰው የሚኖረው በሚለምድ ሥጋ ውስጥ መሆኑን ይረሳል። በዚያች መቶኛ ቀን ድምፁን ባለመስማቷ ብቻ ሴትዮዋን መውቀስ ይከብዳል፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዘጠና ዘጠኝ ቀኖች ግን ትንሽም ብትሆን ቍራሽ ይዞ መውጣት በእጇ ነበር። ሰምቶ መነሣትን የደጋገመ ሰው መነሣትን ይለምዳል፤ ሰምቶ መቀመጥን የደጋገመም መቀመጥን ይለምዳል። ስለዚህ ወቀሳውና ምስጋናው በልማዱ ላይ ሳይሆን ልማዱን በሠራው ድግግሞሽ ላይ ሊያርፍ ይገባዋል።

ለሚያስተምሩም ከዚህ የሚገኝ ምክር አለ። የተመታችው ቀንድ አውጣ በትሩን ብቻ ሳይሆን የማይጎዳውንም ንክኪ ሁሉ ትፈራለች። በዱላ ብቻ የተማረ ልጅም ስሕተቱን ብቻ ሳይሆን መምህሩንና ትምህርቱን ጭምር ሊፈራ ይችላል።

ደግሞም የደነዘዘ ሁሉ ለዘላለም እንደ ደነዘዘ አይቀርም። ንክኪውን የለመደችው ቀንድ አውጣ ሌላ ብርቱ ነገር ቢደርስባት ወዲያው እንደ ቀድሞዋ ትነቃለች። ሰው ግን እስኪመታ ድረስ መጠበቅ የለበትም። የራሱ ልጅ በሰው አገር አኩፋዳ ይዞ በሰው ደጅ ቆሞ እንደ ሆነ አስቦ ድምፁን እንደ አዲስ ለመስማት ይቻለዋል። ይህን አሳብ በየማለዳው የሚደጋግም ሰው በመጀመሪያ ይቸገር ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን ርኅራኄም እንደ ድጓው ዜማ በውስጡ ይጻፍለታል።